አመለኛዋ ዶሮ ከመታረድዋ በፊት

በገጠር እየኖረ ዶሮ ያላረባ ቤተሰብ ማግኘት ችግር ነው። በከተማም ቢሆን ትንሽ ጓሮ ያለው ሰው ሦስትም ይሁኑ አምስት ዶሮዎች ከደጁ ሲጭሩ ማየት ይወዳል። ነገር ግን ስለ በሬና ስለ በቅሎ አመል ብዙ ሲወራ፣ ስለ ዶሮ አመል የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ ዶሮ ታናሽ ፍጥረት ስለ ሆነች ጠብዋም ታናሽ መስሎ ይታየናልና። እኛም ባለፈው ኅዳር ወደ ሰሃላ ወርደን በአንድ ገበሬ ቤት ሁለት ሌሊት እስካደርንበት ጊዜ ድረስ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም።

ሰሃላ በዋግ ኽምራ ውስጥ፣ አገሩ ወደ ተከዜ ወንዝ እያዘቀዘቀ በሚሄድበት በኩል ያለች ወረዳ ናት። ዝናቡ ጥቂት፣ ድንጋዩ ብዙ ነው፤ ሕዝቡም በማሽላና በጤፍ፣ በፍየልና በንብ ይኖራል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዋግ ድርቅ በጠና ጊዜ ሰሃላ ክፉኛ ከተጎዱት ወረዳዎች አንዲቱ ነበረች፤ ብዙ ከብትም አለቀ። ከዚያ አስቀድሞ በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት የዋግን ሕዝብ አፈናቅሎ የብዙውን ሰው ቤት ባዶ አስቀርቶት ነበር። እንዲህ ያለ መከራ ካለፈ በኋላ ወደ ባዶው ቤት ቀድማ የምትመለሰው ሀብት ዶሮ ናት። ለላም ገንዘብ የሌለው ሰው ለዶሮ አያጣም፤ ዶሮዋ ዕንቁላል ትጥላለች፣ ዕንቁላሉ ጫጩት ይሆናል፣ ጫጩቶቹም አድገው ሲሸጡ ፍየል ይገዛባቸዋል። ስለዚህ በዚያ አገር የአንዲት ዶሮ ነገር የአንድ ቤት ሙሉ ነገር ነው።

ያረፍንበት ቤት ባልና ሚስት ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የመጨረሻይቱ ገና ዓመት ከሁለት ወርዋ ነበረች። የባልየው እናትም፣ እርጅና የተጫናቸው ነገር ግን ዐይናቸው ያልደከመ እማማ፣ ከእነርሱ ጋር ይኖራሉ። በግቢው ውስጥ አንድ አውራ ዶሮ፣ አራት የአገር ዶሮዎችና በጥቅምት የተገዙ አራት ቄቦች ነበሩ። ቄቦቹ የተሻሻለ ዝርያ ከሚባሉት ወገን ሲሆኑ፣ ሌላ ሰው ከአንድ ቀን ጫጩትነት አንሥቶ እስከ ሁለት ወር ድረስ አሳድጎ የሸጣቸው ናቸው። ዛሬ በአገራችን ብዙ ቤተሰብ የተሻሻሉ ዶሮዎችን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ የጫጩትነቱን ክፉ ጊዜ አሳዳጊው ይወጣላቸዋል፣ ክትባቱንም ያስከትባቸዋል፣ ገዢው በእግራቸው የቆሙትን ይወስዳል። መልካም መንገድ ነው። ሆኖም ሻጩ ለገዢው ሳይነግረው የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቄቦቹ የሚገቡት ወደ ባዶ ግቢ ሳይሆን ባለቤት ወዳለው ግቢ መሆኑ ነው።

የዚያ ግቢ ባለቤት ገብስማ ትባላለች። አራት ዓመት የሞላት፣ ደረተ ሰፊ፣ የአገር ዶሮ ናት። ማለዳ እመቤቲቱ የማሽላ ጥሬ በእፍኝዋ ይዛ ወጥታ ከበሩ ፊት በአንድ ስፍራ ስታፈስሰው ገብስማ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ነገር ግን አልበላችም። አንገትዋን አስግጋ መጀመሪያ ቄቦቹን አንድ በአንድ አባረረች፤ ከዚያም ተመልሳ ጥቂት ቃመች፤ ቃም አድርጋም እንደ ገና አሳደደች። ሦስቱ ቄቦች ዞረው ዞረው በጎን በኩል እየገቡ ጥቂት ጥቂት ሲለቅሙ፣ አራተኛይቱ ነጭዋ ግን ከጎተራው ሥር ወጥታ አልታየችም። ጎንበስ ብለን ብንመለከታት የማጅራትዋ ላባ ተነጭቶ ሥጋዋ ቀልቶአል፤ በራስዋም ላይ ደም ደርቆአል።

«ይህችኛዋ ከገባች ወዲህ ጠግባ አታውቅም» አለችን እመቤቲቱ። «ሌሊትም ገብስማ ከቆጥ ላይ ስለምታወርዳቸው መሬት ያድራሉ። አምስት ነበሩ የገዛናቸው፤ አንዲቱን መሬት ላይ እንዳደረች ሸለምጥማጥ ወሰደብን።»

ባልየው በነገሩ ቈርጦአል። «እኔ ፈርጄባታለሁ፤ ጾሙ ሲፈታ ለገና ትታረዳለች» አለ። ሚስቱ ግን ይህን በሰማች ቍጥር ልብዋ አይረጋም። ገብስማ ባለፈው ዓመት ከታቀፈቻቸው 13 ዕንቁላሎች 12 ጫጩት ፈልፍላለች፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ሌሎቹ ሲሸሹ ክንፍዋን ዘርግታ ፊት ለፊት የምትጋጠመው እርስዋ ብቻ ናት። ከ12ቱ ጫጩቶችዋ ዘጠኙ ያደጉት በዚህ ጠበኛነትዋ ነው። «እርስዋን አርደን ማን ይታቀፍልናል?» ትላለች። እውነትዋን ነው፤ እነዚያ የተሻሻሉት ዶሮዎች ብዙ ዕንቁላል ይጥላሉ እንጂ መታቀፍ ብዙ ጊዜ አያውቁምና። እማማ ደግሞ ከመደባቸው ላይ ሆነው የሁለቱንም ክርክር ከሰሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጥሬውን ለምን በአንድ ቦታ ታፈሽዋለሽ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

አንባቢዎቻችን በአንዲት ቄብ መቍሰል ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል ይሉ ይሆናል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ትጥላለች። ዐሥራ ሁለትም ዐሥራ አምስትም ጥላ ለመታቀፍ ትቀመጣለች፤ ከዚያም 21 ቀን በመታቀፍ፣ ከሁለት ወር የማያንስ ጊዜ ደግሞ ጫጩት በማሳደግ ታሳልፋለች። የተሻሻለችው ዶሮ በቂ መኖና ውኃ ካገኘች በዓመት ከ150 በላይ ልትጥል ትችላለች። ያ ቤተሰብ ከሌለው ገንዘብ ቀንሶ አምስት ቄብ የገዛው ለትንሽዋ ልጅ ዕንቁላል እንዳይታጣ ብሎ ነበር። ነገር ግን የምትሳደድ ዶሮ አትበላም፤ ያልበላች ዶሮም ሰውነትዋ አያድግም፣ ዕንቁላል የምትጀምርበትም ጊዜ ይርቃል፣ ከጀመረችም በኋላ በድንጋጤ ታቋርጣለች። ስለዚህ ገብስማ ከነጭዋ ቄብ አፍ የምትነጥቀው ጥሬ በመጨረሻው የሚጎድለው ከሕፃኒቱ ገበታ ነው።

የሰቆጣ ስም ዛሬ በኢትዮጵያ ሁሉ ከሕፃናት ምግብ ጋር ተያይዞ ይነሣል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» በተባለው ውሳኔ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ ጕድለት መቀንጨራቸው እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲቀር ግብ አቁሞ፣ ሥራውን በተከዜ ተፋሰስ ባሉት የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ጀመረ። ለሕፃን ከሚመከሩት ምግቦች መካከል ዕንቁላል አንዱ ነው፤ በአንዲት ዕንቁላል ውስጥ 6 ግራም ያህል ገንቢ ምግብ አለ፤ ለመቀቀልም ከውኃና ከጥቂት እንጨት በቀር የሚጠይቀው የለም። ሕፃናት ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው በጾም እንደማይያዙ እናቶቻችን ያውቃሉ። ሆኖም የጾም ድስት እንዳይነካባቸው ፈርተው በጾም ወራት ለሕፃኑ ዕንቁላል መቀቀልን የሚተዉ አሉ። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ሥጋት ያስወግደዋል። ይህንን በመንገዳችን ላይ አነሣነው እንጂ ወደ ገብስማ እንመለስ።

የዶሮ ጠብ ሥርዓት እንዳለው መርምሮ በጽሑፍ የገለጠው ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤበ የተባለ ኖርዌያዊ ነው። ይህ ሰው ገና ልጅ ሳለ የቤተሰቡን ዶሮዎች እያንዳንዳቸውን ለይቶ ማን ማንን እንደምትነቍር በደብተር ይጽፍ ነበር። አድጎም በተማረ ጊዜ በ1914 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር በ1922) የደረሰበትን በጀርመንኛ አሳተመ። ያገኘው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ በአንድ ግቢ ከሚኖሩ ሁለት ዶሮዎች አንዲቱ ነቋሪ፣ ሌላይቱ ተነቋሪ ናት። ይህ አንድ ጊዜ በጠብ ከተወሰነ በኋላ ሁለተኛ ደም ሳይፈስስበት ይጸናል፤ የበላይቱ ቀና ብላ ስታያት የበታችይቱ መንገድ ትለቃለች። እንዲህ ሲሆን በግቢው ውስጥ የመንቈር ተራ ይቆማል። ተራው ሁልጊዜ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ አይደለም፤ ቀይዋ ጥቍርዋን፣ ጥቍርዋ ነጭዋን፣ ነጭዋ ደግሞ ተመልሳ ቀይዋን የምትነቍርበት ጊዜ አለ። የሰው ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ዙሪያ ጥምጥም አያጣውም።

እንግዲህ መንቈር ሁሉ በሽታ አይደለም። ተራው እስኪቆም ድረስ ጥቂት ቀን መነቋቈር የዶሮ ጠባይ ስለ ሆነ፣ ባየን ቍጥር ድንጋይ አንሥተን ብንገባበት ፍርዳቸውን እናዘገይባቸዋለን እንጂ አናስታርቃቸውም። ነገሩ ወደ ክፋት የሚለወጠው የተሸነፈችው ከሸሸች በኋላ አሸናፊዋ ተከትላ ስታሳድዳት፣ ከምግብና ከውኃ ስትከለክላት፣ ወይም ደም ሲወጣ ነው። ይህን ጊዜ መግባት ግድ ይሆናል።

አንዲቱ ዶሮ ሌላይቱን በራስዋና በማጅራትዋ ላይ ስትነቍራት የሹመት ጠብ ነው። ከጅራትዋ ሥርና ከጀርባዋ ላይ ላባ እየነጨች ስትበላ ግን ጠብ አይደለም፤ ዶሮዋ የምትጭርበት አጥታለች፣ ወይም በመኖዋ ውስጥ ገንቢ ምግብ ጐድሎአል ማለት ነው። ለዚህኛው ፈውሱ መለየት ሳይሆን ማብላት ነው። ገለባና ግርድ በግቢው መበተን፣ ምስጥና ትል መፈለግ፣ የወጥ ቤት ትራፊ መጨመር ይረዳል። ባለ መጻሕፍቱ «ጎመን አንጠልጥሉላቸው፤ እርሱን ሲነቍሩ ይውላሉ» ይላሉ። በአዲስ አበባ ጓሮ ይህ ይሆናል፤ በሰሃላ ግን በኅዳር ለሰው የታጣውን ጎመን ለዶሮ አንጠልጥሉ ማለት ምክር አይባልም። የማሽላው ራስ ከተወቃ በኋላ የሚቀረውን ጭራሮ በገመድ አስሮ ማንጠልጠል ግን በማንም ቤት ይቻላል።

የገብስማ ነገር የመጀመሪያው ዐይነት ነበር። ምክንያቱም እኛ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠን ስንመረምረው አንድ ብቻ አልሆነም። ቄቦቹ በገቡበት ቀን ከቅርጫት ወጥተው በቀጥታ በአሮጌዎቹ መካከል ተለቅቀዋል። እነርሱ የሁለት ወር፣ ገብስማ የአራት ዓመት ናት። ጥሬ የሚፈስሰው በአንድ ስፍራ ነው። ውኃ የሚቀዳው በአንዲት ጣባ ነው፤ ውኃ ከሩቅ በሴት ጀርባ ስለሚመጣ ሁለተኛ ጣባ ማስቀመጥ ብክነት መስሎአቸዋል። ቆጡ ደግሞ ለአምስት ዶሮ የተሠራ አንድ አጭር እንጨት ነው፤ ዘጠኝ ሆነው ሲመጡበት የሚወድቅ መኖሩ አይቀርም። የአገራችን ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብትዋን ጣለች» ይላል፤ እዚያ ቤት ግን በቆጡ ጥበት ምክንያት የጠፋችው የብብቱ ሳትሆን የቆጡ ራስዋ ነበረች።

እንግዶችን በየጊዜው ማስገባት ምን እንደሚያስከትል የመረመሩም አሉ። ጉልና አሊ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1936 ዓ.ም. (በፈረንጆች በ1944) ባወጡት ጥናት፣ አንዳንዱን መንጋ ሳይነኩ ሲተዉት፣ ከሌላው መንጋ ግን በየጊዜው ዶሮ እያወጡ በምትክዋ እንግዳ ያስገቡበት ነበር። ያልተነካው መንጋ ጥቂት ተነቋቈረ፣ ብዙ በላ፣ ሰውነቱም አደገ፣ ብዙ ዕንቁላልም ጣለ። ሁልጊዜ እንግዳ የሚገባበት መንጋ በሁሉም አነሰ። ይህ ለእኛ ቤተሰቦች ትልቅ ነገር ያስተምራል፤ ምክንያቱም ልማዳችን ገንዘብ ባገኘን ገበያ አንዲት፣ በሚቀጥለው ሌላ አንዲት እየገዙ መጨመር ነው። ለብቻዋ የገባች እንግዳ የሁሉ ምንቃር በእርስዋ ላይ ይወርድባታል። ታግሦ ሁለትና ሦስት አድርጎ በአንድ ቀን ማስገባት ጠቡን ያከፋፍለዋል።

የሠራነው ሥራ ከብዙ ምክክር በኋላ እንዲህ ሆነ። ነጭዋ ቄብ ከጎተራው ሥር ወጣች፤ ቍስልዋ በለብ ባለ የጨው ውኃ ታጠበ፣ ቀይነቱም እንዳይታይ በከሰል ዱቄት ተቀባ። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች መንቈር አትተውምና፣ የቈሰለች ዶሮ ደምዋ ሳይሸፈን ከሌሎቹ ጋር ከዋለች አብረዋት ያደጉት እንኳ ሊጨርሱዋት ይችላሉ። ቀን ቀን በሰፊ ቅርጫት ሥር ሆና ሌሎቹን እያየች፣ እነርሱም እያዩዋት እንድትውል ተደረገ። ጥሬው በሦስት ስፍራ፣ ያውም ሰፋ ተደርጎ እንዲበተን እማማ አዘዙ። ከተሰበረ ገንቦ ሁለተኛ የውኃ ማጠጫ ወጣ። ባልየው ከቤቱ ግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ሁለተኛ የቆጥ እንጨት ከፊተኛው ጋር በእኩል ከፍታ አጋደመ፤ ለአንዲት ዶሮ አንድ ስንዝር ያህል ስፍራ ይበቃታል። ሁለቱም እንጨቶች እኩል ካልሆኑ ሁሉም ወደ ላይኛው ስለሚሽቀዳደሙ ጠቡ እንደ ገና ይነሣል። ያረጀ ሰሌንም በግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ የምትሳደድ ዶሮ ከኋላው ገብታ ከዐይን ከተሰወረች አሳዳጅዋ ብዙ ጊዜ ትረሳታለች።

ገብስማስ? ስለ እርስዋ የፈረዱት እማማ ናቸው። በየአገሩ ዕንቁላል እንዲጨምር ሲፈለግ፣ ታቃፊ ዶሮ መታቀፍዋን እንድትተው ወደ ጎረቤት ወስዶ ማሳደር የቆየ ልማድ ነው። እማማም «መታቀፍን የሚያስረሳ ጎረቤት ጥጋብን አያስረሳም?» ብለው ዶሮዋን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጎረቤታቸው ግቢ ወሰዱዋት። ይህ የእማማ ጥበብ ከሊቃውንቱ ምክር ጋር ይስማማል። ዶሮ ባልንጀራዋን የምትለየው ይልቁንም በራስዋ መልክና በራስዋ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ነው፤ የበላይነትዋም የሚጸናው በዚያው ግቢ፣ በነዚያው ዶሮዎች ፊት ነው። አንድ ሳምንት ያህል ስትወገድ የቀሩት ያለ እርስዋ ተራቸውን ያቆማሉ፤ ስትመለስ እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ ትገባለች። ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ግን ምንም አይረባም፤ ዐርፋ ትመለሳለች እንጂ።

ለዚህ ምክር አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። በአካባቢው ፈንግል ገብቶአል ከተባለ፣ ወይም የጎረቤት ዶሮ ክንፍዋን ጥላ ከታየች፣ ዶሮ ከግቢ ወደ ግቢ መውሰድ የሁለቱንም ቤት ዶሮዎች መጨረስ ነው። ያን ጊዜ አመለኛይቱን በራስ ግቢ ውስጥ፣ ሌሎቹ በማያዩዋት ስፍራ፣ በቅርጫት ሥር ወይም በተለየ ክፍል ውኃና ጥሬ እየሰጡ ማቆየት ይሻላል። ከገበያ የሚመጡትንም አዳዲስ ዶሮዎች መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻቸው ማኖር፣ ቀጥሎ ጥቂት ቀን በእሾህ ወይም በሽቦ አጥር ተለይተው እየተያዩ እንዲውሉ ማድረግ፣ በመጨረሻም ሌሊት በቆጥ ላይ ማስቀመጥ ከጠብም ከበሽታም ያድናል። ሌሊት የተቀላቀሉ ዶሮዎች ጠዋት አብረው ስለሚነሡ የመጀመሪያው ቍጣ ይበርዳል።

በየቤቱ ካሉት ልማዶች የማንስማማባቸውም አሉ። ታቃፊ ዶሮን በእግርዋ አስሮ ወደ ታች ማንጠልጠል፣ ወይም በአፍንጫዋ ቀዳዳ ላባ ማሳለፍ በአንዳንድ አገር ይሠራበታል፤ ለጠበኛ ዶሮም ይህንኑ የሚያደርጉ እንዳሉ ሰምተናል። ሥቃዩ ዶሮዋን ያደክማታል፤ የጠቡ ምክንያት ግን ቆጡና ጥሬው ስለ ሆነ፣ ምክንያቱ እንዳለ ይቆያል። ምንቃር መቍረጥም በትልልቅ የዶሮ እርሻዎች የሚሠራ ነገር ነው፤ እየጫረች ራስዋን ለምትመግብ የግቢ ዶሮ ግን ምንቃርዋ ማረሻዋ ነው።

አውራ ዶሮውን ደግሞ አንርሳው። ደህና አውራ ያለበት ግቢ የዶሮዎች ጠብ እንደሚቀንስ ብዙ አርቢዎች ያውቁታል። የዚያ ቤት አውራ ግን ገና ወጣት ነበር፤ ገብስማ ስትቈጣ ቀድሞ የሚሸሸው እርሱ መሆኑን በዐይናችን አይተን ስቀናል።

ባልየው በመካከሉ አንድ መልካም ጥያቄ ጠየቀን። «ብዙ የምትጥለውን መርጠን ብናስታቅፍ ዘርዋ አይሻሻልም ወይ?» አለ። እንዲህ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ነገር ግን ፐርዱ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርስቲ ዊልያም ሚውር የተባለ ሊቅ በ1988 ዓ.ም. (በፈረንጆች በ1996) ያወጣው ሥራ ሌላ መንገድ ያሳያል። እርሱ ብዙ የምትጥለውን አንዲት ዶሮ ብቻዋን ከመምረጥ ይልቅ፣ በአንድ ስፍራ አብረው ኖረው በድምር ብዙ የጣሉትን እኅትማማች ዶሮዎች በአንድነት እየመረጠ አራባ። መጀመሪያ በዓመት 68 ከመቶ የነበረው የዶሮዎቹ ሞት በሁለት ትውልድ ውስጥ ወደ 9 ከመቶ ገደማ ወረደ። ብቻዋን ስትታይ ጎበዝ የመሰለችው ዶሮ አንዳንድ ጊዜ ጉብዝናዋን ያገኘችው የጎረቤትዋን ጥሬ ነጥቃ ነውና።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ዶሮዋ ባትታረም ምን ይሁን? ሁለት ጊዜ ተለይታ ተመልሳ አሁንም ደም የምታወጣ ከሆነች ማቆየቱ ለሌሎቹ ግፍ ነው። አመልዋን ሳይደብቁ ሌላ ዶሮ ለሌለው ቤት መሸጥ አንዱ መንገድ ነው፤ የምትነቍረው በሌለበት ጥሩ ታቃፊ ልትሆን ትችላለች። አመልዋን ደብቆ ለገበያ ማውጣት ግን ጠቡን ወደ ሌላ ሰው ግቢ መሸኘት ነው። ማረድም ነውር የለበትም፤ ዶሮን የምናረባው ለዚሁ ጭምር ነው። ብቻ የበላይቱ በታረደች ማግሥት ግቢው ሰላም ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ሁለተኛይቱ ስፍራዋን ለመያዝ ትነሣለች፤ ቆጡ አጭር፣ ጥሬው በአንድ ስፍራ እንደ ሆነ ከቀረም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ገብስማ ትወጣለች።

ገብስማ በጎረቤት ግቢ ስምንት ቀን ቈየች። የጎረቤት ዶሮዎች እንግዳ ሆና ስላገኙዋት በፊተኛው ቀን በደንብ እንደ ነቈሩዋት እማማ በኋላ በደስታ ነገሩን። በዘጠነኛው ሌሊት ተመልሳ በቆጡ መጨረሻ ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ከቆጥ ወርዳ ቆም ብላ ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ከሦስቱ ቄቦች አንዲትዋን አንድ ጊዜ ነቈረች፤ ቄቢቱም ሸሽታ ከሁለተኛው የጥሬ ስፍራ ደረሰችና መልቀም ጀመረች። ገብስማ ሁለቱን ስፍራ በአንድ ጊዜ መጠበቅ ስላልቻለች ወደ ራስዋ ጥሬ ተመለሰች።

በዐቢይ ጾም፣ በምኩራብ ሳምንት፣ በዚያው መንገድ ስንመለስ ወደዚያ ቤት ጎራ አልን። የገናው ፍርድ ተላልፎ ገብስማ አልታረደችም ነበር። ሁሉም ነገር ቀንቶአል አንልም፤ ነጭዋ ቄብ አሁንም ከሁሉ በኋላ ትበላለች፣ በማጅራትዋ ላይ ያለው ላባም በደንብ አልበቀለም። ነገር ግን በቆጥ ላይ ታድራለች። ሦስቱ እኅቶችዋ ዕንቁላል ጀምረዋል፤ እርስዋም ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዋን ትንሽ ዕንቁላል ጥላለች። ትንሽዋ ልጅ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ከራስዋ ትንሽ ድስት የወጣውን ዕንቁላል እየፈረፈረች ትበላ ነበር፤ ፍርፋሪውም ለዶሮዎቹ ይደርሳል።

በጾሙ ምክንያት የዕንቁላል ገበያ ቀዝቅዞ ስለ ነበር ከልጅትዋ የተረፈው አልተሸጠም። እመቤቲቱ ወደ ማጀት ወስዳ አሳየችን። ገብስማ በጥጉ በተቀመጠው እንቅብ ውስጥ፣ በገለባ ላይ፣ 13 ዕንቁላል ታቅፋለች፤ ከእነዚህ ዘጠኙ እነዚያ ቄቦች የጣሉዋቸው ናቸው። ቀረብ ብለን ለማየት እጃችንን ወደ እንቅቡ ስንሰድ ገብስማ ላባዋን ነፍታ ጣታችንን ነቈረችን።

«እናንተንም ከተራዋ በታች አስገባቻችሁ» አሉ እማማ ከመደባቸው ላይ ሆነው።